የመስኮት ዳር ጉርሻ

የመሬት ቀያሽ ነኝ። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ከሐይቁ የተነሣው ጉም ሰፈሩን ሁሉ ስለዋጠው፣ እንኳን የድንበር ችካል የራሴም ጫማ በወጉ አይታየኝም ነበር። ሥራዬን አቁሜ፣ በነጩ ጉም ውስጥ እንደ ሕልም ብልጭ ድርግም የሚል አንድ መብራት ተከትዬ ስሄድ ራሴን ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ አገኘሁት።

ባለቤቱን ሰው ሁሉ «ጋሼ ትሪ» ይላቸዋል። በወጣትነታቸው አስተናጋጅ ሳሉ ትሪ ከእጃቸው ስለማይለይ የወጣላቸው ስም ነው። ስገባ ከእኅታቸው ልጅ ጋር ክርክር ይዘዋል። ልጅቱ የሆቴል አስተዳደር ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ናት።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ! እንግዳ ዳኛ ነው» አሉኝ ወንበር እየሳቡ። «ተምራ መጣችልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው። እስቲ ይፍረዱን።»

«ኧረ አጎቴ፣ ምን አፈረስኩ?» አለች እየሳቀች። «ከሂሳቡ ላይ ከመቶ አሥር የአገልግሎት ክፍያ እንቀበል፣ እሱም ከአስተናጋጅ እስከ ዕቃ አጣቢ ለሁሉም ይከፋፈል ነው ያልኩት። ሠራተኛው ጉርሻ ሲጠብቅ አይኑር።»

«ሰሙልኝ? ጉርሻ እኮ የእንግዳው የልብ ስጦታ ነው። ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሲከፋው ይተዋል። በግድ የተሰጠ ስጦታ ግብር ነው! እኔ በጉርሻ ነው ሰው የሆንኩት። እናቴን የጦርኩት፣ አንቺንም ያስተማርኩሽ በዚያው ነው። ደግሞስ ሰነፉም ትጉሁም እኩል ከተካፈሉ ማን ይሮጣል?»

«የልብ ስጦታ ከሆነ ለምን ከደመወዝ ጋር ይቆጥሩታል? ‹ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ጉርሻ አለው› እያሉ አይደል የሚቀጥሩት? ድስቱን ያበሰለው፣ ሳህኑን ያጠበችው ግን ከእንግዳው ጋር አይተያዩም። እነሱንስ ማን ያጉርሳቸው?»

«አንደበትሽስ በደንብ ተምሯል» ብለው ሳቁ። ግን ሳቃቸው ከልብ አልነበረም። ሰው የወጣበትን መሰላል ሲነቅፉበት ቢከፋው አይፈረድበትም።

ይህን ስንል ዓይኔ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ወደተቀመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ሄደ። መቼ እንደገቡ አላየንም። ካፖርታቸው በጉሙ ርሶ፣ ጉሙ ራሱ አምጥቶ ያስቀመጣቸው ይመስሉ ነበር። አስተናጋጆቹ መስኮት ዳር በተቀመጡት ነጋዴዎች ዙሪያ እንደ ንብ ይዞራሉ። ባልየው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ማንም አልመጣም። ቆይተው እንደገና አነሡትና፣ ጸጉራቸውን የሚያስተካክሉ አስመስለው መለሱት።

«ተወው» አሉ ሚስትየው በለሆሳስ። «ሥራ በዝቶባቸዋል። ቤታችን ገብተን ሻይ እናፈላለን።»

ተነሥተው ሊወጡ ሲሉ ጋሼ ትሪ መውጫው በር ላይ ደረሱባቸው። «አባቴ፣ ምነው ሳይቀምሱ?»

«ምንም አይደል ልጄ። ዛሬ የተጋባንበት ቀን ነው። ሐይቁን እያየን ሾርባ እንጠጣ ብለን ነበር፤ ሐይቁም ተኝቷል» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው።

ጋሼ ትሪ ክንዳቸውን ይዘው መስኮት ዳር አስቀመጧቸውና ሾርባውን ራሳቸው አቀረቡ። ከዚያም የአስተናጋጆቹን ታላቅ ጠርተው «ዓይን የለሽም?» አሏት በቁጣ።

ትሪዋን አስቀመጠች። «አይቻቸዋለሁ ጋሼ። ስገባም ስወጣም አይቻቸዋለሁ። ግን ልጄን የምትይዝልኝ ሴት ዛሬ ካልከፈልኳት ነገ በሯን አትከፍትልኝም። ጉርሻ የሚሰጡት እነዚያ ነጋዴዎቹ ናቸው። እኔ ለሽማግሌዎቹ ሾርባ ሳመላልስ ሌላዋ ጠረጴዛዬን ትወስደዋለች። እግሬ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል ጋሼ፤ እኔም አፍርበታለሁ።»

ጉሙ መስታወቱ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ አዛውንት ምንም ወደማይታይበት ነጭ ነገር እያዩ፣ ሐይቁ የሚታያቸው ይመስል፣ ቀስ ብለው ይጠጣሉ። የማንኪያቸው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ደወል ነበር። ጋሼ ትሪ ወደ እኅታቸው ልጅ ዞሩ።

«እሺ፣ ሰነፉን ምን እናድርገው?»

«ሰነፍን የሚቆጣጠር አለቃ ነው አጎቴ። እንግዳው ሊበላ መጣ እንጂ ሠራተኛ ሊቀጣልን አልመጣም።»

«እንግዳው ቢቆጣስ?»

«ሳይቀመጥ ይወቀው። በሩም ላይ፣ የምግብ ዝርዝሩም ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን። ሰው የሚቆጣው በልቶ ከጨረሰ በኋላ ያላሰበው ሂሳብ ሲመጣበት ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት። «ገንዘቡ ለሠራተኞቹ መድረሱንስ ማን ያያል?»

«ራሳቸው ተወካይ መርጠው ይከፋፈሉታል። የቤቱ እጅ አይገባበትም።»

«እኔንም አታምኚኝም ማለት ነው!»

«አጎቴን አምናለሁ። ባለ ምግብ ቤቱን ግን ነቅቶ መጠበቅ ነው።»

ያን ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «በይ ጻፊው» አሉ። «ደመወዛቸውንም ጨምሪ። ያለዚያማ የጉርሻውን ስም ቀየርን እንጂ ምን ሠራን?»

በጋው ሲገባ ለቀረው ሥራዬ ተመለስኩ። ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። በመስኮት ዳር ጠረጴዛ መጣላት ቀርቷል፤ አስተናጋጆቹ በየተራ ይይዙታል። አብሳዩም የድርሻው ተካፋይ ስለሆነ ምግቡ ሳይበርድ ይደርሳል። ልጅ ያላት አስተናጋጅ ወር ሲገባ ምን እንደምታገኝ ስለምታውቅ ሕፃኑን መዋያ አስገብታዋለች። እንግዳውም ሲነሣ ‹ያነሰ ይሆን?› ብሎ አይሳቀቅም። የታወቀ ደመወዝ ሠራተኛውን ከልመና፣ እንግዳውን ከይሉኝታ ያወጣል።

አንድ ነጋዴ «ይህ ከመቶ አሥር ምንድን ነው?» ብሎ ሲያጉረመርም ጋሼ ትሪ ራሳቸው ቀርበው አስረዱት።

«ጨምሬ ልስጥ ብልስ?» አላቸው ሰውዬው።

«እጅህን ማን ያዘህ? ብቻ ባትሰጥም ሾርባህ ያው ሾርባ ነው።»

ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ያውቃሉ» አሉኝ፣ «ዕድሜ ልኬን እንግዳ ሲነሣ የማየው እጁን ነበር፤ ወደ ኪሱ ይገባል፣ አይገባም እያልኩ። ባለቤት ሆኜም አልለቀቀኝም። አሁን ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ።» ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብርሃን ትንሽ ሲመለከቱ ቆዩ። «ለካ ስንት ዓይነት ፊት አለ!»