ካሳው የሰጠኝ የፊት ጎማ

ወላሂ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ጓደኛዬን ካሳውን ጠርጥሬው ነበር። ከሐይቅ ተነስቶ ውጫሌን አልፎ ቁልቁል የሚወርደው የሳይክል ውድድር ሊጀመር ነው። እኔ እህቴ ከጅዳ የላከችልኝን ቀጫጭን ጎማ ገጥሜያለሁ፤ ቀላል ነው፣ ይፈጥናል፣ እሾህ ግን አይችልም። ካሳው ከኋላ እንደኔው ቀጭን፣ ከፊት ግን እሾህ የማይበሳው ወፍራም ጎማ አለው። ድንገት ያንን ፈታና «የፊቱን እንቀያየር» አለኝ።

«ሳይክሌን አክብደህ ልትቀድመኝ ነው?»

«አንተ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትይዝም። የኋላው ቢተነፍስብህ ትቆማለህ፤ የፊቱ ከሆነ ገደል ነው። አብሽር ሰይዶ፣ ግጠመው።»

እያጉረመረምኩ ገጠምኩት። ከውጫሌ በታች እየበረርኩ ስወርድ፣ ኩርባው ላይ ገበሬ አስፋልቱ ዳር ማሽላ አስጥቷል። ከብት እንዳይበላበት በእሾህ አጥሮት ነበር፤ ያለፈ መኪና ግን እሾሁን ጎትቶ መሀል መንገድ በትኖታል። ሄድኩበት። የኋላው ጎማ ፈነዳ፤ ሳይክሉ ከስሬ ተወላገደ፤ የፊቱ ጎማ ግን መንገዱን አልለቀቀም። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምኩ። «ያ ረቢ» ብዬ ሳልጨርስ ካሳው ትዝ አለኝ። በእኔ ቀጭን የፊት ጎማ እየመጣ ነው!

ሳይክሌን ጥዬ እሾሁን በባዶ እጄ መጎተት ጀመርኩ። የመጨረሻውን ቅርንጫፍ ሳነሳ ካሳው አጠገቤ ሽው አለ።

«የፊቱ ጎማ ያዘልህ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

እጄ ደም በደም ሆኖ፣ «ያዘልኝ! ንዳው!» አልኩት።