ሁለተኛው ፎቅ ላይ

ሳይክሌ ከባድ ናት። መንዳቱስ ግድ የለም፤ ከፔዳ ግቢ እስከ ሰፈሬ ግሽ አባይ መንገዱ ሜዳ ነው። ጣጣው ቤት ስደርስ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ታች ያሳደሩት ሳይክል ደግሞ ጠዋት አይገኝም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሁለት ሆነን ነበር የምናወጣት፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ብቻዬን ግን አልቻልሁም። እናላችሁ፣ በቀደም ቀለል ያለ የማውንቴን ሳይክል ፍሬም፣ ባዶ አካሉን፣ ልጠይቅ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ፍሬሙን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይያዙት እስኪ፣ ጋሼ» አለኝ። እውነትም ላባ ነው። «ጎማውን ከድሮው ፈትተን እንገጥምልዎታለን። ተራራ ይወጡበታል?»

«ደረጃ ነው የምወጣበት፤ አራተኛ ፎቅ።»

ሳቀ። «እንግዲያማ ተገላገሉ! በአንድ እጅዎ ይዘው፣ አንዴም ሳያርፉ ቤትዎ ይገባሉ።»

አንዴም ሳያርፉ ሲለኝ ያ እረፍታችን ትዝ አለኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ሁልጊዜ «ኧረ ደከመኝ፣ ትንሽ እንረፍ» ትል ነበር። የማለከልከው እኔ፣ ደከመኝ ባይዋ እሷ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን በመስኮቱ የምትታየውን የጣናን ቁራጭ እያየን የቀኑን እናወራለን።

ፍሬሙን መለስሁለት። «ምነው ጋሼ፣ ዋጋው ነው?»

«አይ ልጄ፣ በጣም ቀለለብኝ» ብዬው ወጣሁ።

ያን ቀን አሮጌዋን እየጎተትሁ ሁለተኛው ፎቅ ደረስሁ። ግድግዳው ላይ አስደግፌያት ቁጭ አልሁ። በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ደከመኝ የሚልልኝ ሰው ግን አልነበረም።