የቁልቁለት ማርሽ

አቶ ተክለማርያም ከአየር ጤና ወደ ዘነበወርቅ ሲወርዱ ፍሬኑ ከዳቸውና መኪናቸው ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ክምር ጋር ተላትማ ቆመች። የተጎዳ ሰው የለም። ነገር ግን ከጎማዎቹ ሥር ጭስ ሲወጣና ገበያተኛው ሲሰበሰብ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሾፌርነታቸው ሲከበሩ የኖሩት ሽማግሌ ምን ፊት ይዘው ይውረዱ? መሪውን እንደጨበጡ ቀሩ።

በአጋጣሚ ያለፈው ደግሞ የጎረቤታቸው ልጅ በዛብህ ነበር። በዛብህ ስለ ሞተር ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ የመሥሪያ ቤቱን አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ጨዋ ወጣት ነው። እሳቸው በየእድሩ ስብሰባ «ማርሽ የማይቀይርማ ተሳፋሪ እንጂ ሾፌር አይባልም» እያሉ ሲያስቁበት ከርመዋል። ስለዚህ ከአደጋው ይልቅ የእሱ መድረስ ከበዳቸው።

በዛብህ ግን እጅ ነሥቶ ደኅንነታቸውን ጠየቀና ጎማው እስኪበርድ በእሱ መኪና ውስጥ እንዲያርፉ ለመናቸው። ክርክሩ እዚያው ተጀመረ። አቶ ተክለማርያም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ቤንዚን እንደሚቆጥብ፣ የድሮ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ሲነዳ እንደኖረ አስረዱ። ወጣቱ አላቋረጣቸውም።

«ጋሼ፣ ማርሹ ዜሮ ከሆነ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው» አለ ሲጨርሱ። «ፍሬን ደግሞ ከጋለ አይይዝም። ዳገቱን በሚወጡበት በከባዱ ማርሽ ቁልቁለቱንም ቢወርዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርድዎታል።»

«ያንተዋስ፣ ማርሽ የሌላት?»

«አላት እንጂ። ራሷ ትቀይረዋለች። ቁልቁለት ላይ ግን እኔም ዝም ብዬ አልለቃትም፤ ዘንጉን ዝቅ አድርጌ በከባዱ እይዛታለሁ። በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን ስለሌላት ግራ እግር ሥራ ፈት ነው።»

ግራ እግር ሲባል ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አንባቢ ሆይ፣ ስንቶቻችን ነን ድካማችንን ለመሸፈን ልማድን የምንጠራ!

«ጉልበቴ ነው» አሉ። «ፍሪሲዮን ስረግጥ ነፍሴን ያወጣታል። ዜሮ አድርጌ ከለቀቅሁ አልረግጥም። ቤንዚን የምለው ለሰው ነው።»

በዛብህ ሕመም ነውር አለመሆኑን፣ አውቶማቲክ መኪና ለእንዲህ ያለው እግር ትልቅ ዕረፍት መሆኑን ነገራቸው። ነገሩ ገባቸው፤ አመኑም። እፍረታቸው ግን ባሰ እንጂ አልቀለለም።

«ጀላልን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጀላል የሰፈራቸው ልጅ፣ የጅማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «ዜሮ አድርገህ ልቀቅ ብዬዋለሁ። ነገ ሰው ጭኖ የግቤን ቁልቁለት ይወርዳል።»

በዛብህ እሱ ራሱ ሄዶ ሊነግረው ቢጠይቅ እምቢ ብለው ራሳቸው ወደ ጀላል ቤት ሄዱ። ጀላል ከባለቤቱና ከአማቱ ጋር ምሳ ላይ ነበር፤ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም። ያስተማሩት ስህተት እንደነበረ ቆመው ነገሩት።

«ቤንዚኑስ ጋሼ?» አለ ጀላል ግራ ገብቶት።

አቶ ተክለማርያም አማቲቱን አዩ፤ መሬት ቢውጣቸው በወደዱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ያበጠውን ጉልበታቸውን አሳዩ።

«ቤንዚን አይደለም። ይህ ነው ያስዋሸኝ። አንተ ጤነኛ እግር አለህ፤ በከባድ ማርሽ ውረድ።»

ጀላል አቀረቀረ። ሲናገርም ወደ ሚስቱ አላየም።

«ባለፈው ግቤ ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ለጥቂት ተረፍን። የእኔ አለመቻል መስሎኝ፣ እርስዎን አፍሬ ዝም አልኩ።»

በማግስቱ አውቶቡሱ የግቤን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ ቀስ ብሎ ወረደ። ተሳፋሪው ሾፌሩ ዘገየ ብሎ አጉረመረመ፤ ማታ ግን ሁሉም በየቤቱ ገባ።