በአራት ኩንታል ሰሊጥ የሚከፈት በር

እንደምን አረፈዱ፣ ወይዘሮ ረፊቃ? ቤተሰቡ ደኅና? ይቀመጡ፤ ወደ ኒሙ ጥላ ጠጋ ይበሉ። የዘንድሮው የመተማ ሙቀት እንኳን እኔን ጡረተኛውን ፍየሎቹንም አስመርሯል። ከርከዴውን ይጠጡ፤ የጋራዡ ባለቤት ነው የጋበዘን። በእንግዳ አቀባበሉ እንከን አይወጣለትም። እንከኑ… ተዉት፤ ስለ ከርከዴው ነበር የማወራው።

ልጅዎ ሳሚያ ልታገባ ነው አሉ። ደስ ይላል። አምስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ… ይቅርታ፣ ስድስተኛ። አምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ሌላ ልጅ ነበር፤ እሱ ይቆየን። እና በአያቷ በሐጂ ኸሊፋ አሮጌ መኪና ልትሞሸር ነው? ቁልፉን ለዚህ ጋራዥ ሊያስረክቡ ነው የመጡት? ሠርጉ ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል… ጥሩ ነው። ሁለት ወር።

«ሰውየው እንዴት ነው?» ብለው ስለ ጠየቁኝ እንጂ ሰው ማማት አልወድም። ደግሞም ያ ከላንድሮቨሬ ሥር ብቅ ያለው እግር የሰው እግር ነው፤ ጆሮም ከእግር ብዙ አይርቅም። ስም አንጠራም። የሚሠራው በር ላይ ነው ተብዬ ነበር። በሩ ከላይ ሆኖ እርሱ ከሥር ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁም፤ ባለሙያ ይጠየቃል እንዴ?

መኪናዬን ያውቋታል፤ ወደ ገለጉ የፈተና ወረቀት ስታመላልስ ኖራ በጨረታ የገዛኋት ናት። በሮቿ ተዛንፈው ነበርና ለአንድ ባለሙያ አደራ ሰጠሁ። «ተማም ነው፣ ሐሳብ አይግባዎት፣ መምህር፤ በአንድ ወር» አለኝ። በአንድ ወር ጨረሰው… ይቅርታ፣ የሒሳብ መምህር ቁጥር ሊያሳስት አይገባም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የኔው እንቁላል እግር ማብቀል ብቻ ሳይሆን ዶሮ ሆኖ እንቁላል ጥሏል።

ሥራውን ግን ባዩት ኖሮ! ማጠፊያውን ፈትቶ፣ ሮንዴላ የሚሏትን ስስ የብረት ቀለበት እየጨመረና እየቀነሰ፣ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል አድርጎታል። የአንድ ብር ሳንቲም በስንጥቁ አስገብቼ ዙሪያውን ባስኬደው የትም አልነካም። በአንድ ጣት ሲገፉት ይዘጋል። ዕንባዬ መጣ። ታዲያ ዞር ብዬ ወደ ኋላ ባይ፣ መኪናዬ ውስጥ አራት ኩንታል ሰሊጥ ተደርድሯል። ለካ መጋዘኑ… ጋራዡ ማለቴ ነው፣ ክረምቱን በሙሉ የነጋዴ ሰሊጥ ከዝናብ ሲያስጠልል ከርሟል። በኔው መኪና። ስንቱ ባለሙያ ነው ለሰሊጥ የሚራራ?

ነጋዴው ሰሊጡን አወረደ። ሸክሙ ሲቀልላት መኪናዬ ሽቅብ ተነሣች፤ የፊት በሮቹም ተነክሰው አልከፈት አሉ። የበሩ ስንጥቅ ከላይ መርፌ አያስገባ፣ ከታች ያቺን ዶሮ ከነጫጩቶቿ ያሳልፋል። ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በሩ ትክክል ነው፣ መምህር፤ ጭነቱ ነው የጎደለው።» የሌላው ሰው መኪና ሲጫን ይበላሻል፤ የኔዋ ሲራገፍላት። ይህን ለማሰብ ምን ያህል ጭንቅላት ይጠይቃል?

እኔም የባለሙያ ምክር ሰምቼ ሰሊጥ ጭኜ መንዳት ጀመርኩ። በየኬላው የሰሊጡን ወረቀት ይጠይቁኛል። በአርባ ዓመት መምህርነት ያላገኘሁትን ክብር በአራት ኩንታል አገኘሁት፤ ጎረቤት ሁሉ «ኢንቨስተሩ» ይለኛል። ሰሊጥ በታጣ ቀን አምስት ሰው… አይደለም፣ ስድስት ሰው ከኋላ ሲጫን ይተካዋል። ሒሳቡን ራሴ ሠራሁት።

ባለፈው ለሠርግ ኮኪት ሄድን። ስድስቱ ከኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ዝናሽ ከፊት። ደረስን፤ እልልታው ሲሰማ ስድስቱ በኋላው በር ዱብ ዱብ ብለው ወረዱ… የፊቱ በር እኛ ላይ ተቆለፈ። ወደ ኋላ እንዳንሻገር በመካከል ብረት አለ፤ መስኮቱም ከእጅ ሌላ አያስወጣም። ሥጋውን በዚያ አቀበሉን። ጭፈራውንም፣ ምርቃቱንም ከመኪና ውስጥ ሆነን ተካፈልን። ዝናሽ በትዳራችን እንዲህ ረጅም ሰዓት አውርተን አናውቅም ትላለች፤ ያወራችውን ግን አልደግምልዎትም። ስድስቱ ጠግበው፣ ተመልሰው ሲሳፈሩ በሩ ተከፈተልን። ሠርጉ አልቆ ነበር።

ለሳሚያ አይስጉ። ሚዜዎቿ ስድስት ከሆኑና ቀድመዋት ካልወረዱ ትወርዳለች። ወይም ሙሽራው ጥሎሽ ላይ አራት ኩንታል ሰሊጥ ይጨምር…

ከመኪናው ሥር ሲመታ የነበረው መዶሻ ዝም አለ፣ ሰሙት? ሙቀቱ ይሆናል።

ደግሞ እርሱ ላይ ብቻ አልፈርድም። ያ ይቆየን ያልኩዎት ልጅ በሒሳብ አርባ ዘጠኝ አምጥቶ ነበር፤ አሳዘነኝና አንድ ጨምሬ አሳለፍኩት። ያቺ አንድ ነጥብ ናት መሰለኝ፣ ይኸው በመኪናዬ በር ታች በኩል የጎደለችው። የዘሩትን ማጨድ አይቀርም፤ እኔ ግን ነድቼዋለሁ።

ምነው፣ ቁልፉን ወደ ቦርሳዎ መለሱት? ክፉ ቃል ወጣኝ እንዴ? ከመጡ ጀምሮ ያደረግሁት ማመስገን ብቻ ነው። እንዲያውም ሳንመርቀው አንነሣም፤ እጅዎን ይዘርጉ።

ዕድሜና ጤና ይስጠው። ያማረ ቤት ይሥራ። ወንድ ልጅ ይስጠው፤ ልጁም በመልኩ፣ በቃሉና በእጁ ሙያ ቁርጥ አባቱን ይሁን። ሲያረጅም፣ የሚተኛበትን ክፍል በር የሚገጥምለት ያው ልጁ እንጂ ሌላ ሰው አይሁን።