ስነቃ ጠይቁኝ

የኔ ጆሮ ሬዲዮን ያስንቃል። ትናንት ከጀሪፍ ሰፈር በተሳፈርኩበት ሃፍላ አውቶቡስ፣ ከፊቴ ሁለት የወሎ ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ።

«ዘይነባ፣ ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነልሽ?»

«ተይኝ እቴ! ከማደንዘዣው ገና ዓይኔን ስገልጥ አንዷ ነርስ ራስጌዬ ቆማ ‹እንዴት ነሽ? አያያዛችን ተስማማሽ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ነዋ!»

«ሰላምታ መስሎሽ!»

«ወላሂ! እሷ ‹በጣም ረክታለች› ብላ ጽፋ ሄደች። ማደንዘዣው ሲለቀኝ ሆዴ እንደ እሳት ነደደ። ማስታገሻ ስጡኝ ብል ‹አንቺ እኮ ደህና ነኝ ብለሻል› አይሉኝም?»

«ያ ሰላም! ዝም አልሽ?»

«እኔ? ‹ያኔ የመለሰላችሁ መድኃኒቱ ነው፣ እኔን አሁን ጠይቁኝ!› ብዬ ዋርዱን አናወጥኩት። ሐኪሙ ራሱ መጥቶ እንደገና ጠየቀኝ፤ መርፌውም ወዲያው ደረሰ።»

«አበጀሽ! የወሎ ልጅ!»

«ቆይ፣ መች ጨረስኩ! ዛሬ ቁስሌን ላሳይ ስመለስ፣ ለካ አሁን ታካሚውን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በማግስቱ ነው የሚጠይቁ። ነርሷ ‹ያንቺ ደንብ ነው› ብላ ሳመችኝ።»

«ያላ፣ ደረስን፣ ሐኪሚት!»

እነሱ እየሳቁ ሲወርዱ ከጎኔ ያለው ሰውዬ «ተማም? ሁሉ ደህና?» ቢለኝ፣ አልሐምዱሊላህ ለማለት የከፈትኩትን አፌን መልሼ ገጠምኩት።