ሳትታጠብ የቀረችው ሽጉጥ

ስልኩ ሲጮኽ ሃጀር እጇን በፎጣ እያደረቀች አነሳችው። የደወለው ጀማነህ ነበር፤ የሟች ባለቤቷ የኑረዲን ጓደኛ።

— ሄሎ? … አቤት፣ ጋሽ ጀማነህ! እንዴት ዋሉ? … ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። መልእክቴን ሰሙት? … አዎ፣ ኑረዲን ያቺን ሽጉጡን አጥቦ ኦቨን ውስጥ ሲያደርቃት ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያደርገው ልጠይቅዎ ብዬ ነው። … ያቺው፣ የጥንቱን አስመስለው የሚሠሯት፣ በፖስታ የመጣችለት። ዝገት ጀምሯታል።

— ትቆጪው ነበር ነው የሚሉኝ? እንዴት አልቆጣው! ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ተኩስ ሜዳ ውሎ በመጣ ቁጥር በእኔ ሳፋ፣ በእኔ የዕቃ ሳሙና! "ጥቁር ባሩድ በዕለቱ ካልታጠበ ብረት ይበላል" ይለኛል። ቤቱ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ እያልኩ ስጨቀጭቀው… እንግዲህ ያቺን የመጨረሻዋን ቅዳሜ ብቻ ነው ሳያጥባት የተኛው። ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ እንደመጣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጣት። በሳምንቱ ሆስፒታል፣ ከዚያ… ያውቁታል። … አሜን። ዓመቱ ሳይሞላ የቀረችውን ሥራ ልጨርስለት ብዬ ዛሬ አወጣኋት።

— ምን? … አሁንማ ገብታለች። … ኦቨን ውስጥ ነቻ! ላዩን በሳሙና ውሃ አብሼ ከተትኳት። … ጋሽ ጀማነህ? ምን ሆኑ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል?

— አልተኮሰም? … ያን ቀን? … ሞልቷት ሳለ ዝናቡ መጣ… ተመለሳችሁ… አምስቱንም ጉድጓዶቿን? ባሩዱም አረሩም ውስጧ ነው? … ያ ረቢ! እኔ እኮ ደክሞት የተዋት መስሎኝ! ያላጠባት ስላልተኮሰ ነው?

ሃጀር ከኦቨኑ አፈገፈገች፤ ማጥፊያው አጠገብ ያለችው ልጇ ፍርዶስ ናት።

— ፍርዶስ! ልጄ፣ ኦቨኑን አጥፊው! በሩን አትክፈቺ፣ ማጥፊያውን ብቻ! … የምን "ዋት?" እያልሽ መጠየቅ ነው፣ የአባትሽ ሽጉጥ ጥይት አለባት! … አጠፋችው፣ ጋሼ። … አፈሙዟ? ወደ ግራ፤ ወደ ግድግዳው። … ከግድግዳው ወዲያማ ጎረቤቴ ሰዓዲያ ናት፣ ከነመንታዎቿ! ፍርዶስ፣ ሩጪ፣ በሯን አንኳኪ! ልጆቹን ይዛ ፓርኪንግ ትውጣ! ጫማ በኋላ!

— ወጥቻለሁ፣ ደረጃው ላይ ነኝ። … ዲግሪው? ዝቅተኛው ላይ ነው፣ መቶ ሰባ ፋራናይት። እርስዎን ሳልጠይቅ ከፍ ማድረግ ፈርቼ። … ሲተነፍሱ ሰማሁዎ እኮ። … በዚህ ሙቀት አይነሳም? እርግጠኛ ነዎት? … እሺ። እስኪቀዘቅዝ ማንም አይገባም። … ከፍራንክሊንተን ሊመጡ? ሃያ ደቂቃ ነው፤ እባክዎ መኪናውን አያብርሩ።

— ከዚያስ? … ውሃ? ባልዲ ውስጥ ትነከርና ባሩዱ ይሞታል…

ሃጀር ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ወደ ፓርኪንጉ አየች። ታች ሰዓዲያ በካልሲ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፤ ፍርዶስ አንዱን መንታ አቅፋላታለች።

— አለሁ። አልተቋረጠም። … አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጋሽ ጀማነህ። አምስቱን የሞላቸው እሱ ራሱ ነው? … በእጁ። … አረሩን ከላይ በምን ደፈነው? … ቅቤ? የማን ቅቤ? … እናንተ የአሳማ ስብ ስትቀቡ እሱ ሐራም ነው ብሎ የኔን ቅቤ? በፎቶ ፊልም ብልቃጥ ከትቶ! … ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ ፍርዶስን ነበር እኮ የምቆጣው!

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች።

— … ደህና ነኝ። … አይ፣ ውሃ አያስነኩብኝ። ከኋላዋ ያሉት እሳት የሚጭሩት የመዳብ ቆቦች ከተነሱ አትተኩስም አላሉም? እነሱን ያንሱልኝ፣ እርስዎ ዘንድ ትደር። ቅዳሜ ሜዳው ይውሰዱኝ። … አዎ፣ እኔ። … ተኩሼ አላውቅም፤ ያሳዩኛል። … አምስቱንም። … ኦቨንማ እርም ይሁንብኝ፣ ፀሐይ ላይ አደርቃታለሁ። … በዚያው ሳሙና፣ በዚያው ሳፋ። እኔው አጥባታለሁ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ትቆሽሽ እንጂ።

ስልኩን ዘጋችና ወደ ሰዓዲያ ወረደች።