ሦስት ቦታ የሚይዝ ፊደል

አዳማ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ከባድ ፕሮግራም አይችልም። ስለዚህ የሠርግ ጥሪ ጽሑፍ ከፋይል አንብባ ካርዱ ላይ የምታሰፍር አንዲት ቀላል ክላስ፣ ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ፣ ራሴ ጻፍኩ። ፋይሉን ትከፍታለች፣ ፊደል በሚይዘው ቦታ፣ በባይት ቆጥራ እየቆረሰች ታነባለች፣ ትዘጋለች፤ ሌላ ጣጣ የላትም። የሙሽሪት ቤተሰብ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ፊደል በቁቤ ያስጻፉትን ብቻ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ልቤ ግን አላረፈም። የሙሽራው እናት ካርዱን ወደ ወለንጪቲ ይዘው ሊሄዱ መጡና የእሳቸውን ወገን የአማርኛ ገጽ ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። "አንተ ልጅ፣ የነሱ እንዲህ አምሮ የልጄን ስም ምን በላው?" አሉኝ። "ተስፋዬ" ከሚለው መሀል "ፋ" ጠፍታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። "ዛሬ ካልበተንኩት ማን ሊመጣልኝ ነው?"

ኮዱን ከፈትኩና ወዲያው ገባኝ። "እማማ፣ የቁቤ ፊደል አንድ ቦታ ነው የሚይዘው፤ የአማርኛው ሦስት ይይዛል። ፕሮግራሟ ስትቆርስ መሀሉን በጠሰችው።"

"ታዲያ ሦስት ቦታ የሚይዝ እንግዳ እንደሚመጣ እያወቅህ ሁለት ታስይዝለታለህ?"

የተቆረጠው ፊደል ቀሪው እስኪመጣ እንዲጠብቅ አስተካከልኩና አተምኩ። አይቼ ሰጠኋቸው፤ ተቀብዬ እንደገና አይቼ መለስኩላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ አላስቻለኝም። "እማማ፣ አንዴ ብቻ፣ የሙሽራውን አባት ስም ልየው።"

እየሳቁ ዘረጉልኝ። "እንካ፣ ሦስተኛህ ነው። አንተም እንደ ፊደልህ ነህ!"